ማግኔቱ አለ፣ ጥቅሉ አለ፣ መርፌው ግን ንቅንቅ አይልም

የቱንም ያህል ጠንካራ ማግኔት የመዳብ ጥቅል ውስጥ ቢቀመጥ፣ ዝም ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ ኤሌክትሪክ አይወጣውም። ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. ሁለት ሽቦ በጠመጠመበት የብረት ቀለበት ያየው ይህንኑ ነው፦ ባትሪ የተገናኘበት ጥቅል እንደ ማግኔት ይሆናል፤ ግን ባትሪው ሲገናኝና ሲቋረጥ ብቻ በሌላው ጥቅል በኩል ያለው፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየው መርፌ ዘለል ይላል፤ ባትሪው እንደተገናኘ ሲቆይ ግን ይተኛል።

ማግኔቲክ ፍለክስ በጥቅሉ አፍ የሚያልፈው የመስክ መጠን ነው። የመስኩ ጥንካሬ በቴስላ፣ የአፉ ስፋት በካሬ ሜትርና የማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝተው ፍለክሱን በዌበር ይሰጣሉ። ይህ የመስኩ ማዕዘን የሚለካው በአፉ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ነው። ከአፉ ገጽ የሚለካ ተማሪ ዜሮ መሆን ያለበትን ከፍተኛ ያደርገዋል። ቮልቴጁ ደግሞ ፍለክሱ የሚለወጥበት ፍጥነት ሲባዛ በዙሩ ብዛት ነው።

በቁጥር እንየው። ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 500 ዙር ይጠምጠም። የአፉ ስፋት 0.000314 ካሬ ሜትር ነው። በአማካይ 0.1 ቴስላ የሚሰጥ ማግኔት በ0.05 ሰከንድ ቢገባ፣ አማካይ ቮልቴጁ 0.31 ቮልት ይሆናል። ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) ወደ 1.8 ቮልት ስለሚፈልግ አይበራም። 1500 ዙር ጠምጥሞ በ0.02 ሰከንድ ማስገባት ግን 2.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል።

ካልሠራ መጀመሪያ የሽቦው ጫፍ ይታይ። የሞተር ሽቦ በቫርኒሽ የተሸፈነ ስለሆነ ሁለቱም ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ መፋቅ አለበት። የ500 ዙሩ ጥቅል የኤሌክትሪክ መቋቋም በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያው) ሲለካ ከ17 ኦም ብዙም አይርቅም፤ ምንም ካላነበበ ወይ ቫርኒሹ አልተፋቀም፣ ወይ ሽቦው ተበጥሷል። መሃል ላይ አቅጣጫ ቀይሮ መጠምጠምም የመጀመሪያውን ዙር ሥራ በኋለኛው ያጠፋል።

ዲጂታል ቴስተር በሰከንድ ሁለት ሦስቴ ብቻ ስለሚያነብ አጭሩ ምት ያመልጠዋል። ለዚህ ሥራ ባለ መርፌው አሮጌው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚታለለው በሃርድ ዲስክ ማግኔት ነው። ጣት እስኪቆነጥጥ ጠንካራ ነው፤ ግን በአንዱ ገጽ ላይ ሰሜንና ደቡብ ጎን ለጎን ስላሉበት፣ አንዱ የሚያስገባውን ሌላው ያስወጣዋል፤ ድምሩ ወደ ዜሮ ይቀርባል። በሁለት ጫፉ ሁለት ዋልታ ያለው ተራ ክብ ማግኔት ይበልጠዋል።

በመጨረሻ ሁለት ቀይ ኤልኢዲ በተቃራኒ አቅጣጫ አጣምሮ ከ1500 ዙሩ ጥቅል ጋር ማገናኘት ነው። ማግኔቱ በቱቦው ውስጥ ሲወድቅ፣ ሲገባ አንዷ፣ ሲወጣ ሌላዋ ብልጭ ትላለች፤ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የፍለክሱን ለውጥ ይቃወማል የሚለው የሌንዝ ሕግ፣ ለውጡ ሲገለበጥ ቮልቴጁም እንደሚገለበጥ በዓይን የሚታየው እዚህ ነው። ሲወጣ ፍጥነቱ ስለጨመረ ሁለተኛዋ ትደምቃለች።