ሞን ቫንቱ፣ በፔትራርክ ዳና

ማሎሴን ገና አልነቃችም። ክፍት የነበረው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው። ዳቦና ውሃ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። ይህች የደቡብ ፈረንሳይ ትንሽ ከተማ የሞን ቫንቱ ተራራ ግርጌ ናት፤ ጫፉ 1,909 ሜትር ነው።

ጣሊያናዊው ገጣሚ ፔትራርክ ከታናሽ ወንድሙ ከጌራርዶ ጋር ወደዚህ ተራራ የወጣው ኤፕሪል 26 ቀን 1336 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ጉዞ የጻፈው ደብዳቤ እንደሚለው የወጣው ከፍታውን ለማየት ብቻ ነበር። ለስለት አይደለም፣ ለከብትም አይደለም። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሽማግሌ እረኛ ተመለሱ ብለው ለመኗቸው። እሳቸው ከ50 ዓመት በፊት ወጥተው ያተረፉት ድካም፣ ጸጸትና በእሾህ የተቀደደ ልብስ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድኩ ጉልበቴ ከዳኝ። መንገዱ ለሁለት ሲከፈል አቀበቱን ትቼ ለጥ ያለውን ያዝኩ። ሃያ ደቂቃ ሄጄ ሳስተውል ለካ ቁልቁል እየወረድኩ ነው። ፔትራርክም ይህንኑ ነው ያደረገው፣ ያውም ደጋግሞ። ጌራርዶ ሸንተረሩን ይዞ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እሱ ቀላል መንገድ ፍለጋ ሸለቆ ለሸለቆ ዞረ። መጨረሻ ላይ አንዱ ሸለቆ ውስጥ ቁጭ ብሎ ራሱን ወቀሰ። ነፍሱም እንዲሁ ነበረች፤ ከፍታውን ትመኛለች፣ አቀበቱን ትሸሻለች።

ለእኔ የደብዳቤው ልብ ይህ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን ስቆርስ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በመካከላችን ያለውን ቅሬታ ለዓመታት ስዞረው ኖሬያለሁ። ተነሳሁና ተመልሼ አቀበቱን ያዝኩ።

ጫፉ ላይ ዛፍ የለም። ነጭ የኖራ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ከሩቅ በረዶ ይመስላል። ነፋሱ ጃኬቴን እንደ ፊኛ ነፋው። ፔትራርክ እዚህ ቆሞ አልፕስንና የሮን ወንዝን አየ። ከዚያ የቅዱስ አውግስጢኖስን «ኑዛዜ» የተሰኘ መጽሐፍ ገለጠ። ሰዎች ተራራን፣ የባሕርን ማዕበልና የከዋክብትን ዑደት ሊያደንቁ ይሄዳሉ፣ ራሳቸውን ግን ይተዋሉ ይላል። አፈረ። እስኪወርዱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ብዙዎች የአውሮፓን የሕዳሴ ዘመን አስተሳሰብ ከዚህ ቀን ይጀምራሉ፤ ሰው ዓለምን ለማየት ብሎ ወጣ ብለው። እኔ ግን ማየቱንና ማፈሩን መለየት አልችልም። ተመራማሪዎች ደብዳቤው ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጻፈው ከዓመታት በኋላ ነው ይላሉ። ይህ ይበልጥ አስወደደኝ። ተራራውን በልቡ ሲወጣው ኖሯል ማለት ነው።

ሲወርድ ዞር ብሎ ባየ ቁጥር ጫፉ ከሰው ሕሊና ከፍታ አንጻር አንድ ክንድ እንኳ የማይሞላ መሰለው። እኔም ማሎሴን መግቢያ ላይ ዞርኩ። ነጩ ጫፍ በምሽቱ ፀሐይ ቀላ ብሏል። አሁንም ትልቅ ነው። ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ቁጥር ፈለግኩ።