ከግሽ እስከ ጉባ መካከል ያለው ሀገር፦ የአዲስ ዓመት መልእክት

ውድ ወዳጆቼ፣ ጽሑፎቼን በየጊዜው የምትከታተሉ ሁሉ፣ ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ እንኳን በሰላም አሸጋገራችሁ። አዲሱ የ2018 ዓመተ ምሕረት የጤናና የበረከት፣ ከሁሉም በላይ የሰላም ዓመት እንዲሆንላችሁ ከልቤ እመኛለሁ።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ የዋለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀ በሁለተኛው ቀን ነው። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው ሥራ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከደመወዙ ቀንሶ ቦንድ የገዛው ሁሉ እንደተደሰተ እኔም ተደስቻለሁ። ይሁንና በእነዚህ ቀናት ስለ ዓባይ የተባለውን ሁሉ ስሰማ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። ወንዙን የምናነሣው ከምንጩ ከግሽ ጀምረን ወይም ጉባ ላይ ካለው ግድብ ተነሥተን ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ሸለቆ፣ የገጠር መንገዶቹን፣ ቀደምት መንደሮቹንና ገዳማቱን ግን አልፈናቸው እንሄዳለን። ስለዚህ የዘንድሮውን የበዓል መልእክቴን ለዚያ ሀገር ልሰጠው ወደድሁ።

አብዛኞቻችን ሸለቆውን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ ፍቼን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው በድንገት ያልቅና የዓባይ በረሃ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ደጀን ባለው አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ መንገዱ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ የዚያኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በደጋው ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ላይ የጤፍ ማሳ የነበረው ታች ማሽላና ቁጥቋጦ ይሆናል። ባለ ተሳቢ መኪኖች በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ፣ አንዱ ዳገት ላይ ቀጥ ካለ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርድና ከኋላ ጎማው ሥር ይሸጉጣል። ከታኮው በታች ያለው ገደል ዓይን ያዞራል፤ ረዳቱ ግን ወደዚያ ዞር ብሎ እንኳ አያይም።

የገደሉ ግድግዳ ራሱ የሚነበብ ታሪክ አለው። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል፤ ወረድ ሲሉ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ይህ ሀገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል በነበረበት ዘመን የተከማቸ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩም ጂፕሰምና ጭቃማ ድንጋይ፣ ከሁሉም በታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከእነዚህ ንብርብሮች አንዱን ደብረ ሊባኖስ፣ ሌላውን ጎሐ ጽዮን ብለው በአካባቢው ስም ጠርተዋቸዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር አስፋልቱ የሚሰነጠቀውና የሚንሸራተተው ጭቃማው ድንጋይ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥና ስለሚላላ፣ ጂፕሰሙም በውኃ ስለሚሟሟ ነው። ታች በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው አሮጌው ድልድይና በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በጃፓን ርዳታ ተሠርቶ አገልግሎት የጀመረው 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። መንገደኛው ሁለቱንም በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ደጀን ላይ ምሳውን ይበላል፤ ሸለቆውንም አየሁት ይላል።

እኔ ግን ሸለቆውን ማየት የሚጀምረው ከዋናው መንገድ ሲወጡ ነው እላለሁ። ከጎሐ ጽዮን በፊት፣ በሰላሌ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ ከገደል ሥር ተጠግቶ ይገኛል። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ያስፈጀው በዚህ ገዳም ላይ ነው፤ የዛሬው የገዳሙ ሰላም በዚያ ደም ላይ የቆመ መሆኑን ሳያስታውሱ ጠበሉን ጠጥቶ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም። ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ ሰው ሁሉ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚለው የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ነገር ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ያሠሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው። ባለቤቱ ሲታወቅ ስሙም ወደ ባለቤቱ ቢመለስ መልካም ነበር። ጭላዳዎች በጠዋት ከገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ሲነጩ የሚታዩትም እዚያው ነው።

ደጀን ከደረሱ በኋላ ደግሞ ደብረ ማርቆስን ትቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ አብልጬ እወዳለሁ። ይህ መንገድ በግራው የጮቄን ተራራ፣ በቀኙ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይጓዛል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮት ወደ ምዕራብ የሚሄድ በመሆኑ፣ ከጮቄ የሚፈልቁት ወንዞች በየትኛውም አቅጣጫ ቢወርዱ መድረሻቸው እርሱ ነው። ቢቸና የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ሀገር ናት፤ ጠላትን አምስት ዓመት ሙሉ ያስጨነቀው ያ አርበኛ የዓባይን በረሃ እንደ ቤቱ ያውቀው ነበር። ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ደብር ነው። ከሸዋና ከወሎ ቅኔ ሊቆጥር የተነሣ የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ እነዚህ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ይገባ ነበር። ወንዙ የወታደርና የነጋዴ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም መሻገሪያ እንደነበረ ስናስብ፣ ሸለቆውን እንደ ድንበር ብቻ ማየታችን ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይሰማኛል።

ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ የምትገኘውን መርጡለ ማርያምን ሳልጠቅስ ማለፍ አይሆንልኝም። በትውፊት ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር መሥዋዕተ ኦሪት ከተሠዋባቸው አራት ቦታዎች አንዷ ናት። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፈርሳ ፍራሿ ዛሬም ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን አበቦች ቀርቦ ያየ ሰው፣ ያ ድንጋይ ጠራቢ ለአንዲቱ የአበባ ቅጠል ስንት ቀን እንደደከመ ይገምታል። ይህን የሚያህል ቅርስ በውጭ ሀገር ቢሆን ኖሮ የልጆች መማሪያ ላይ ሥዕሉ ይወጣ ነበር፤ ከእኛ መካከል ግን ስሟን እንኳ ያልሰማ ብዙ ነው።

ከሞጣ በኩል ደግሞ ወደ ሰባራ ድልድይ ይወረዳል። በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራው ይህ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከለኛው ቅስቱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሁለቱ ዳር ሰዎች በገመድ ይሻገሩ ነበር፦ ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያሥራል፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙት ወንዶች ይጎትቱታል፣ ከሥሩ ደግሞ ቡናማው የክረምት ውኃ እየተንደረደረ ያልፋል። ሰው የተሻገረው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ ነበር። በኋላ ክፍተቱ ላይ የብረት ድልድይ ተጋደመ፤ እርሱንም ጎርፍ ወሰደው፤ ቆይቶም ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዓባይ ድልድዮች ሁሉ ልቤን የሚነካኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዘመዱን ለመቅበር በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የተሻገረ ሰው ወንዝ ይለያያል የሚለውን ንግግር ከማንም በላይ አፍርሶታል።

ጢስ ዓባይን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላበዛም፤ ፏፏቴውን ለማየት የሚሄድ ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የአላታን ድልድይ ቆም ብሎ ቢያየው ግን አይጸጸትም። ግሽ ዓባይም ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለችም፤ አቡነ ዘርዓ ብሩክ መጻሕፍቱን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ውኃ ሳይነካቸው መልሰው መቀበላቸውን የሚናገረው ትውፊት እዚያ ዛሬም ይተረካል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የዘረዘርኳቸው መንገዶች ዛሬ ያለ ሥጋት የሚኬድባቸው እንዳልሆኑ ረስቼ አይደለም። በሸለቆው ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ያለፉትን ዓመታት በሥጋት አሳልፏል፤ ነጋዴው ጭነቱን፣ ተማሪው ትምህርቱን፣ ሾፌሩ ሕይወቱን እያሰበ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዛሬ ተነሡና ሂዱ አልላችሁም። የምመኘው መንደርተኛው ራሱ ከቤቱ ወጥቶ በሰላም የሚመለስበት ቀን እንዲመጣ ነው፤ ያ ቀን ሲመጣ ግን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ አይተነው እንዳናልፍ አደራ እላለሁ። ቢቸና አንድ ሌሊት፣ መርጡለ ማርያም አንድ ሌሊት ማደር ለአካባቢው ሰው ገቢ፣ ለእኛም ትምህርት ነው።

እስከዚያው ከየቤታችሁ ሆናችሁ ልትሠሩት የምትችሉት አንድ ሥራ አለ። በዚህ በዓል ከጎጃም፣ ከሰላሌ፣ ከወሎ ወይም ከበጌምድር የመጡ እናትና አባት፣ አያት ወይም ጎረቤት ያሏችሁ፣ ቡናው ሲፈላ ዓባይን በየትኛው መሻገሪያ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ይሻገሩ እንደነበር ጠይቋቸው፤ በታንኳ ይሁን፣ በተነፋ ስልቻ ይሁን፣ ጅራት ይዞ ከከብት ጋር ይሁን። የመሻገሪያውን ስም በትክክል ጻፉት፤ ድምፃቸውንም በስልካችሁ ቅዱ። የላካችሁልኝን ሁሉ ተናጋሪዎቹ ከፈቀዱ በየሸለቆው ክፍል እየለየሁ አሰባስቤ ለሁላችሁም አቀርባለሁ፤ ከአባይ ማዶና ማዶ የአንዱን መሻገሪያ ስም ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ስም ከጠሩትም ሁለቱንም እጽፋለሁ።