«አዲሱ ስምሽ ማነው?»

የምሠራው ቶኪዮ ውስጥ የታሸገ ምሳ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ ነው። ካገባሁ በኋላ ወደ ሥራ በተመለስኩ ቀን፣ አጠገቤ ቆመው የሚሠሩት የ76 ዓመት ሴትዮ «እንኳን ደስ አለሽ! አዲሱ ስምሽ ማነው?» አሉኝ። «ያው የድሮው ነው» አልኳቸው። አልገባቸውም። እኛ አገር ሴት ብታገባም በአባቷ ስም እንደምትቀጥል፣ እናቴ ከአባቴ ጋር 40 ዓመት ኖራ ዛሬም በአያቴ ስም እንደምትጠራ ሳስረዳቸው እጃቸው ቆመ። ዝም ብለው አዩኝ።

በጃፓን ሕግ ጃፓናዊ ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም መያዝ አለባቸው። የማን ይሁን አይልም፤ ግን ከመቶ ከ90 በላይ የምትቀይረው ሴቷ ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015ም በ2021ም ሕጉን አጽንቶታል።

እሑድ ቤታቸው ጠሩኝ። እዚያው ካትሱሺካ ነው፣ እኛ ሐበሾች የምንበዛበት ወረዳ። «እኔ በተወለድኩበት ዓመት የወጣ ፊልም ነው» ብለው የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የያሱጂሮ ኦዙን «ባንሹን» ከፈቱልኝ፤ የጸደይ ማብቂያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ1949 ሥራ ነው። ሴትሱኮ ሃራ ኖሪኮን ሆና ትጫወታለች። ኖሪኮ 27 ዓመቷ ነው፣ ሚስቱ ከሞተችበት አባቷ ጋር ካማኩራ ትኖራለች፣ ደስተኛ ናት፣ ማግባት አትፈልግም። አክስቷ ግን አልለቀቀቻትም። በመጨረሻ አባትየው እሱም ሚስት ሊያገባ እንደሆነ ዋሽቶ ነው ያሳመናት።

ኖሪኮን እሺ ባይ የሚላት ሰው ካለ አልስማማም። እኔ ያየኋት ፈገግ እያለች እምቢ ስትል ነው። ሙሽራ ሆና ከአባቷ ፊት ተንበርክካ ስታመሰግነው፣ የአባቴን ጉልበት ስሜ የወጣሁበት ቀን ፊቴ ድቅን አለ፣ አለቀስኩ። ደግሞ ሙሽራውን ፊልሙ አንዴም አያሳየንም!

የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ሴቶች መምረጥ ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በ1946ቱ ምርጫ 39 ሴቶች ፓርላማ ገብተዋል። የ1947ቱ ሕገ መንግሥትም ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ ብቻ ይፈጸማል ይላል። ኖሪኮን ያስገደዳት ሕግ አልነበረም።

«እኔንም ማንም አላስገደደኝም» አሉኝ ሴትዮዋ። ባንክ ነበር የሚሠሩት። በ24 ዓመታቸው ሲያገቡ፣ እንደ ጊዜው ልማድ፣ አበባ ተሰጥቷቸው ሥራቸውን ለቀቁ። «ቆቶቡኪ ታይሻ» ይሉታል፣ በሰርግ ምክንያት ሥራ መልቀቅ። ሴቶች በሥራ እኩል ዕድል እንዲያገኙ የሚለው ሕግ በ1985 ሲወጣ እሳቸው ልጅ እያሳደጉ ነበር። ልጃቸው ዛሬ ሁለት ልጅ ወልዳም ሥራዋን አልለቀቀችም። መሥሪያ ቤት በድሮ ስሟ ትጠራለች፣ መታወቂያዋ ላይ ግን የባሏ ነው።

ሻይ ጠጥተን ልወጣ ስል መሳቢያቸውን ከፍተው ጣት የምታክል የእንጨት ማኅተም አወጡ። እዚህ አገር ሰው በፊርማ ፈንታ የሚጠቀምበት ነው። የልጅነት ስማቸው ተቀርጾበታል። ቀይ ቀለም አስነክተው አሮጌ ጋዜጣ ላይ መቱትና፣ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቡልኝ። እኔም ደግሜ ጠራኋቸው።