ከሰው ጋር መቀመጥን ለመንኩት

እግዚአብሔር ያደረገልኝን በአደባባይ ልመሰክር ተስያለሁ። ስለቴን የምፈጽመው ብዙ ሰው ስሙን መጥራት የሚያፍርበትን ነገር በመናገር ነው፤ በሆዴ ላይ ስላለው ቀዳዳና በእርሱ ላይ ስለሚለጠፈው ከረጢት። ደሴ ውስጥ፣ ኮምቦልቻም፣ ከየወረዳው መጥተው ታክመው ወደ ቀያቸው ከተመለሱትም መካከል ይህን ደብቀው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አሁን አውቃለሁና ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሆዴ ተነፋ፤ ሰገራም ነፋስም አልወጣ አለ፤ ማስመለስ ጀመረኝ። ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሞቹ ትልቁ አንጀቴ ከታች በኩል መጠምዘዙን ነገሩን። በአገራችን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የተጠመዘዘው ክፍል ደም ተቋርጦበት ሞቶ ስለነበር ቆርጠው አወጡት፤ የጤነኛውን አንጀት ጫፍ በግራ በኩል በሆዴ ቆዳ ላይ አወጡት። ኮሎስቶሚ ይሉታል፤ ቀዳዳው ራሱ ስቶማ ይባላል። ከዚያች ሌሊት በሕይወት መውጣቴ ብቻውን ምስክርነት ይበቃ ነበር፤ ያከሙኝን እጆች እግዚአብሔር ይባርክ። ነገር ግን ከሞት የተረፈን ሰው ሁሉም "እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ" ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚያድር ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ የምናገረው ስለዚያ ነው።

ከረጢቱ በሆድ ላይ የሚያዘው በሚጣበቅ ክብ ነገር ነው። ከክቡ መሀል የስቶማው ልክ በመቀስ ይቆረጣል። ከሆስፒታል ስወጣ ጥቂት ከረጢቶች ተሰጡኝ፤ ሲያልቁ ከደሴ ፒያሳ ጀምሬ መድኃኒት ቤቱን ሁሉ አዳረስኩ። አንዱ ዘንድ ይገኛል፣ በማግስቱ የለም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ባገኘች ቁጥር በአውቶቡስ ትልክልኛለች፤ በመካከል ሲቋረጥ ደግሞ ፌስታልና ጨርቅ ነበር የማስረው። ይህን የምታነብ፣ በፌስታል የምትኖር እህቴ፣ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ከረጢት ማጣቱ አልነበረም። ከረጢት እያለኝም ያፈስ ነበር። ቆሜ ሳለሁ ደህና ነው፤ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ጎንበስ ስል ከታች በኩል ይላቀቃል። የፈሰሰው ቆዳዬን ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው ቆዳ ያዣል፤ ባዠው ቆዳ ላይ ደግሞ አዲሱ ከረጢት አይጣበቅም። በስቶማው ዙሪያ ያለው ቆዳ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ሆነ። ሌሊት በጀርባዬ ተንጋልዬ በእጄ ይዤው አድራለሁ። የጎረቤት ቡና ቀረብኝ። ደንበኞቼን በር ላይ ቆሜ ማነጋገር ጀመርኩ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከትምህርት ስትመለስ መጀመሪያ የምታደርገው መስኮት መክፈት ነበር፤ እኔ እንዳላይ ቀስ ብላ ትከፍተዋለች፤ አየዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያንም ከሩቅ ሆነ። መድኃኔዓለም ስሄድ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ። ሰውነቴ የሚፈስ ሆኖ ሳለ እንዴት ወደ ውስጥ እገባለሁ? ማንም አልከለከለኝም። እኔው ነኝ ውጭ የቆምኩት።

በፍልሰታ ጾም ሕዝቡ በቅዳሴና በሰዓታት ቤተ ክርስቲያን ሲውል እኔ ቤቴ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። እስከዚያ ድረስ ጸሎቴ አንድ ነበር፤ "ይህን ነገር ከላዬ አንሳልኝ"። አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ አፍስሶብኝ አንሶላውን ካጠብኩ በኋላ ሌላ ጸሎት ከአፌ ወጣ። "ጌታዬ፣ ካልፈቀድክ አታንሳው። ከሰው ጋር መቀመጥን ብቻ ስጠኝ። በእናትህ በድንግል ማርያም፣ በቤትህ አስቀምጠኝ።" ይህን ብዬ አለቀስኩና ተኛሁ።

የክትትል ቀጠሮዬ በዚያው ሳምንት ነበር። እንደ ሌላው ጊዜ ቁስሉ ታይቶ እሸኛለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ያገኘችኝ ነርስ ግን ከዚህ በፊት ያላየኋት ወጣት ናት። ከረጢቱን አነሳች፤ ቆዳዬን አየች፤ ፊቷ አልተለወጠም። ብዙ ፊት ሲለወጥ ስላየሁ ይህ ብቻውን አስለቀሰኝ። "እናቴ፣ ይነሡ" አለችኝ። ቆምኩ። "አሁን ይቀመጡ። ጎንበስ ይበሉ። ወደ ጎን ይዙሩ።" ሙሽራ ልብሷን እንደምለካላት ዞር ዞር አደረገችኝ። ከዚያም ክብ ክብ ቀዳዳ ያለበት ካርድ አምጥታ ስቶማውን ለካችው።

"ይህ ቁስል ከበሽታዎ የመጣ አይደለም፤ ከልኩ ነው" አለች። ስቶማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያብጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የእኔም ቀንሷል፤ ቀዳዳው ግን በመጀመሪያው ልክ ነበር የሚቆረጠው። በስቶማውና በማጣበቂያው መካከል የቀረው ባዶ ቆዳ ቀኑን ሙሉ ሰገራ ይነካዋል። ቀዳዳው ከስቶማው በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ መስፋት አለበት። ስንት ሴት የለካሁ እኔ፣ ሆዴ በካርድ ሲለካ ሳይ ሰውነቴ የእኔ ሆኖ የተመለሰልኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ነገር ቦታው ነው። ጊዜ ያለው ቀዶ ሕክምና ሲሆን ታካሚው ቆሞም ተቀምጦም ታይቶ ስቶማው የሚወጣበት ቦታ አስቀድሞ ምልክት ይደረግበታል። የእኔ የሌሊት ድንገተኛ ስለነበር ለዚያ ጊዜ አልነበረም፤ ስቀመጥ ሆዴ የሚታጠፍበት ላይ ዋለ። ስቶማውም ከቆዳው ጋር እኩል ነው፤ አይወጣም። ስለዚህ ዝርግ ማጣበቂያ አይመቸኝም። ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ፣ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ተጭኖ ስቶማውን ወደ ፊት የሚገፋ ዓይነት አለ። በቀበቶ ይታሰራል።

"እሱ የት ይገኛል፣ ሲስተር?" አልኳት። ዝም ብላ አሰበች። ከዚያም ስልኳን አነሣች። ከጥቂት ወራት በፊት ያረፉ አንድ ታካሚ ነበሩ፤ እርሳቸውም ተመሳሳይ ስቶማ ነበራቸው፤ ልጃቸው ከውጭ አገር በካርቶን ይልክላቸው ነበር። ባለቤታቸው ኮምቦልቻ ናቸው። ነርሷ ደውላ ካስፈቀደች በኋላ አድራሻውን ሰጠችኝ።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ተራራ መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሙቀቷ ሌላ ነው፤ በላብ ከረጢቱ እንዳይላቀቅ መንገዱን ሁሉ በነጠላዬ ደግፌ፣ ከንፈሬ ድንግል ማርያምን እየጠራ ደረስኩ። በሩን የከፈቱልኝ ሂጃብ የለበሱ እናት ናቸው። ገና ከመግባቴ ካርቶኑ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። ከባለቤታቸው ሞት ወዲህ አልነኩትም፤ መጣሉም፣ መሸጡም አልሆነላቸውም። ምን ያህል ልክፈል ብዬ ቦርሳዬን ስነካ እጄን ያዙኝ።

"ለእሱ ሰደቃ ይሁንለት" አሉኝ። "ስትጠቀሚበት ዱዓ አድርጊለት። አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ፣ ልጄ።" ቡና አፍልተው ነበር። "ተቀመጪ" ሲሉኝ አመነታሁ። ምክንያቱን ከፊቴ አነበቡት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ባላቸውን ያስታመሙ ሴት ናቸው። "እኔ ቤት አትፈሪ" አሉኝና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ጠጣሁ።

ነርሷ እጄን ይዛ አስተማረችኝ። ስቶማው ሥቃይ የሚሰማው ነርቭ የለውም፤ ሲነካ አያምም፤ እኔን ያመመኝ በዙሪያው ያለው ቆዳ ነበር። በለብታ ውሃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ መድረቅ አለበት። ጎረቤት ቫዝሊን ቀቢ፣ ቅቤ ቀቢ ይል ነበር፤ ቅባት ባለበት ማጣበቂያ አይይዝም። ማጣበቂያው መጀመሪያ በእጅ ይሞቃል፤ ከተለጠፈ በኋላም መዳፍን አድርጎ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ነው። እኔ ያን ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋል፤ ከሞላ በክብደቱ ይላቀቃል። ስቶማው ቀይና እርጥብ መሆን አለበት፤ ከጠቆረ፣ ወይም ሆድ እያመመ ምንም መውጣት ካቆመ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳይፈስብኝ አደርኩ። ሁለተኛውንም። ቆዳዬ እያዠ የነበረው ደረቀ፣ ቅርፊት ያዘ፣ ከዚያም ዳነ። አሁን አንዱን ከረጢት ሦስት አራት ቀን አቆየዋለሁ። ልጄ መስኮቱን መክፈት የተወችው መቼ እንደሆነ አላስተዋልኩም።

የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነበር። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ጌታ በወንጌል ወደ አፍ የሚገባ ወደ ሆድ አልፎ ይወጣል፤ ሰውን የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው ብሏል። ያንቺ መውጫ ቦታው ተለወጠ እንጂ ሌላ ምን ተለወጠ? ንጽሕናሽን ጠብቀሽ ግቢ" አሉኝ። ለግሸን ማርያም ክብረ በዓል ለመስከረም 21 ሰው ወደ ተራራው ሲጎርፍ እኔ ያን መንገድ ገና ስለማልችል እዚሁ መድኃኔዓለም ገባሁ። ከሴቶች በኩል ቆሜ አስቀደስኩ፤ በሚቀመጥበት ሰዓት ከሁለት ሴቶች መካከል ተቀመጥኩ። አንዷ ትከሻዋን አስደገፈችኝ። ዞር ያለች የለችም። የለመንኩት ይህን ነበር፤ የለመንኩትን ሰጠኝ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ካርቶኑ እያለቀ ነው፤ እህቴ ግን አሁን የምትጠይቀውን ዓይነትና ልክ ስለምታውቅ ትልክልኛለች። ያቺ ነርስ አንዳንድ አዲስ ታካሚ ስታገኝ ወደ ስፌት ቤቴ ትልክብኛለች፤ ካርዱ አለኝ፣ እለካቸዋለሁ፣ ለከረጢታቸውም የጥጥ ሽፋን እሰፋላቸዋለሁ። አንጀቴ ተመልሶ ይቀጠል እንደሆነ ሐኪሞቹ በጥር አይተው ይወስናሉ። እርሱንም እየለመንኩ ነው። በጸሎታችሁ አስቡኝ፤ ኮምቦልቻ ያሉትን እናትና የባለቤታቸውን ነፍስም አብራችሁ አስቡልኝ።