ደናክል በቁጠባ፦ የሚቀነሰውና የማይነካው ወጪ

በአፋር ክልል ወዳለው ሞቃትና ዝቅተኛ በረሃ፣ ወደ ደናክል፣ ራሱ አደራጅቶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ቢቀበል ሌላው ሁሉ ይቀለዋል። እዚያ ብቻን አይኬድም። የክልሉ ፈቃድ፣ የአፋር መሪ፣ ታጣቂ ጥበቃና ሁለት መኪና የግድ ናቸው። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ ላይ አምስት ቱሪስቶች ተገድለዋል፤ ጥበቃ ይዞ መሄድን እንደ ትርፍ ወጪ የሚመለከተው ሰው ካለ ይህን ያስታውስ። በራስ መሄድ ማለት መኪናውን፣ መሪውንና ፈቃዱን ራስ ጨርሶ፣ ምግብና ውሃውን ራስ ጭኖ መውጣት ነው። ገንዘብ የሚተርፈው ከዚህ ላይ ነው፤ ከውሃ፣ ከጎማና ከሁለተኛው መኪና ላይ አንድ ብር መቀነስ የለበትም።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ባለቀለም የአሲድ ኩሬዎች ባሉበት ዳሎል ላይ በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። አማካይ ነው፤ ሌሊቱም፣ ቀዝቃዛው ወርም ተደምሮበት ማለት ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ቀኑ 45ን ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ የደጋው የክረምት ጎርፍ ወደ ጨው ሜዳው ይወርድና ላዩ የደረቀ መስሎ ሥሩ ጭቃ እንደሆነ ይቆያል። ጥቅምት ላይ "ዝናቡ አበቃ" ብሎ መሄድ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የካቲት አካባቢ ስለሚውል ቀኑን ቀደም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ መሪውም ጥበቃውም ጾመኛ ሆነው በጠራራ ፀሐይ ማስጓዝ ለእነሱም ለተጓዡም አይሆንም።

ከአዲስ አበባ ሰመራ በመኪና ወደ 580 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ይነሳና በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ማታ ላይ ይገባል። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም በቁጠባ ለሚሄድ አውቶቡሱ ይበቃል፤ ቆላውን ቀስ በቀስ መልመዱም ለሰውነት ይጠቅማል። ማደሪያ ሎጊያ ይሻላል። ከሰመራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ወዲህ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች ከተማ ስለሆነ አልጋ ርካሽ ነው፣ ጎሚስታ፣ መካኒክና ከሰል ሻጭ ማታም ይገኛል። መኪና ተከራይቶ ከአዲስ አበባ መነሳት ግን አልመክርም። የሁለት ቀን ኪራይና ነዳጅ አስፋልት ላይ ይባክናል፣ ሾፌሩም የአሸዋ ልምድ ላይኖረው ይችላል።

በመቀሌና በበርሃሌ በኩል ዳሎል አጠገብ ወዳለችው የሀመድ ኤላ መንደር የሚወርደው መንገድ አጭርና አስፋልት ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስቶ ከባሕር ወለል በታች ያደርሳል። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ሁኔታው ስለሚለዋወጥ ብዙ ሰው በሰመራ በኩል ነው የሚገባው። የሰመራው መንገድ ሲኬድ አፍዴራን፣ ከዚያ ኤርታ አሌን፣ በመጨረሻ ሀመድ ኤላንና ዳሎልን ያገናኛል።

ፈቃዱ የሚወጣው ሰመራ ካለው የክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ነው። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ቢደርሱ መልካም ነው። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ከሰዓት ሙቀቱም ሰዉን ስለሚበትን ዓርብ የደረሰ ሰው ሦስት የሆቴል ሌሊት ሊከፍል ይችላል። የወጣውን ደብዳቤ ቢያንስ አምስት ኮፒ ማድረግ ይገባል፤ በየኬላውና በየወረዳው አንዳንድ እየተተወ ይሄዳል፣ ከሰመራ ወዲያ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አይታሰብም። ጥሬ ገንዘብም እዚያው በዝርዝር ኖት መያዝ አለበት።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የመኪናው ኪራይ፣ ናፍታው፣ የመሪውና የጥበቃው አበል ሰው ቢበዛም ቢያንስም አይለወጡም። ስለዚህ ትልቁ ቁጠባ ወንበር መሙላት ነው። ሁለት ላንድክሩዘር ከሾፌሮቹ ሌላ ስምንት ሰው በምቾት ይይዛል። መሪና ጥበቃ ሁለቱን ወንበር ሲወስዱ ለተጓዥ ስድስት ይቀራል፤ ለሁለት ተጓዥ የሚወጣውና ለስድስት የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ የሚለየው በአብዛኛው በምግብና በውሃ ነው። ከኪራዩ ስምምነት ላይ ናፍታው በማን እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ የሚጠበቅበት ቀን በማን እንደሚታሰብ፣ የሾፌሩ ምግብ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ይስፈር። ጠብ የሚነሳው ሁልጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ ነው።

ውሃ ሲሰላ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተጓዡን ብቻ ቆጥሮ ነው። ሾፌሮቹ፣ መሪውና ጥበቃውም ይጠጣሉ። ስድስት ተጓዥ፣ ሁለት ሾፌር፣ መሪና ጥበቃ አሥር ሰው ነው። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 6 ሊትር ቢያዝ ለሦስት ቀን 180 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ሁለት ጀሪካን መጠባበቂያ ይጨመርበት፤ ራዲያተርም ከዚያው ይቀዳለታል። ሁሉንም በሃይላንድ መግዛት ወጪውን ያንራል፣ ባዶ ፕላስቲኩም በረሃው ላይ ይቀራል። ሎጊያ ላይ የታጠበ ጀሪካን በንጹሕ ውሃ ሞልቶ፣ ለመንገድ ብቻ በሰው ሁለት ሃይላንድ መያዝ ይበቃል። ናፍታ የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም። ጀሪካኖቹ ለሁለቱ መኪኖች እኩል ይከፈሉ፤ አንዱ ቢቆም ሌላው ያለ ውሃ እንዳይቀር። ፖርቶ መጋላ ላይ ደግሞ ከሁለት በላይ አይጫን፣ ክብደት ከላይ ሲበዛ መኪናው ተዳፋት ላይ ይንጋደዳል።

ላብ የሚያወጣውን ጨው ውሃ ብቻውን አይተካም። ሰው እየጠጣ ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለውና ሽንቱ ካነሰ ሕይወት አድን ዱቄት ያስፈልገዋል። ከሌለ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። ላቡ ቆሞ ቆዳው የጋለና ንግግሩ የተምታታ ሰው ግን በአፍ አይሰጠውም፤ ጥላ ውስጥ አስተኝቶ በውሃ ማራስ፣ ማራገብና ወዲያው ወደ ሐኪም ማንሳት ነው።

ስንቅን በተመለከተ የአገራችን የመንገድ ምግብ ለበረሃ የተሠራ ያህል ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ለአንድ ሰው 150 ግራም ያህል በስኳርና በቁንጥር ጨው ተበጥብጦ ጠዋት ቢጠጣ እስከ ቀትር ያቆማል። ጭኮ ቅቤው ቀልጦ እንዳይፈስ ክዳን ባለው ጣሳ ይያዝ። ድርቆሽና ቋንጣ ለማታ ፍርፍር ይሆናሉ። እርጥብ እንጀራ ከአንድ ቀን በላይ አይጠብቅም፣ በሙቀቱ ጫፉ ይደርቃል፣ መሐሉ ይሻግታል። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን ጨው የበዛበት ቆሎ ውሃ ይጨርሳል። ማገዶ እንፈልጋለን ብሎ መውጣት አይገባም። ያለችው ጥቂት ግራር የአፋር ግመልና ፍየል ጥላም መኖም ናት፤ ከሎጊያ ከሰል ወይም ትንሽ ቡታጋዝ ይያዝ።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት አብሮ ቁሞ ማየት ነው። በየመኪናው ሁለት ስኮርታ፣ አየር ያለው መሆኑም ተረጋግጦ፤ ካልሆነ አንድ ስኮርታና ሁለት ካማዳሪ። ክሪክና አብሮት 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ፤ ያለ ጣውላ ክሪኩ ራሱ አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይነሳም። የአየር መንፊያ፣ አካፋ፣ መጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ የሞተር ችንጋ። አሸዋ ላይ ከመግባት በፊት ጎማው እስከ 18 ወይም 20 ፒ.ኤስ.አይ. ይተንፍስ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ሲተኛ ክብደቱ ይከፋፈላል። ወደ ኤርታ አሌ ሲጠጉ አለቱ ሲጀምር ግን ወዲያው መልሶ መንፋት ያስፈልጋል፣ የተነፈሰ ጎማ በሹል ድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎኑ ይቀደዳል። የጎን ቀዳዳ ደግሞ አይለጠፍም። ሾፌር "ሁለት ጊዜ ከምነፋ እንዲሁ ልሂድ" ሲል እሺ ማለት አይገባም። ናፍታ አሸዋ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ይታሰብ፣ በጠቅላላው ላይ ሩብ ይጨመር፣ ሁሉም ከሎጊያ ይሞላ።

ሞተር ሲግል የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ነው፤ ራዲያተሩ አየር አያገኝም። ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ መኪናውን አዙሮ ፊቱን ለነፋስ መስጠት፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ጥቂት ማቆየት። ክዳኑን በሙቅነቱ መክፈት ፊትን ማቃጠል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይረዳል፤ ዳጉ፣ የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል። መሪው መንገድ ላይ ግመል የሚነዳ ሰው ሲያይ መኪናውን ያስቆምና ይወርዳል። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ እጃቸውን ይሳሳማሉ፣ ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ ተራው ይለወጣል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የትኛው ጎዳና በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ ሰላሙ እንዴት እንደሆነ ይነገራል። በአፋር ባህል በዳጉ ውሸት መናገር ነውር ነው፣ ያስቀጣልም። ስለዚህ ለዚያ አሥር ደቂቃ ክላክስ አይነፋም፣ ፎቶም አይነሳም። ኔትወርክ ከአፍዴራ ወዲያ ብዙ ቦታ ስለሚጠፋ ከዚህ የተሻለ የመንገድ መረጃ የለም።

አፍዴራ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ የጨው ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ስላለ ሰውነት መታጠብ ይቻላል። ከዚያ ወደ ኤርታ አሌ መቀጠል አለመቀጠሉን አፍዴራ ላይ ጠይቆ መወሰን ነው። እሳተ ገሞራው ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፈንድቷል፤ ከእሱ በስተደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢም ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈንድቶ አመዱ የአካባቢውን መንደሮችና ግጦሽ አልብሷል። የድሮ ማስታወሻ ላይ ያለ የእግር መንገድ ዛሬ በአዲስ ገሞራ ሥር ሊሆን ይችላል። አዲስ የረጋ ገሞራ ላዩ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ሥሩም ባዶ ነው፤ ሸራ ጫማ አይበቃም፣ መሪው ያልረገጠበት አይረገጥም፣ ጭሱ ወደ ሰው ከዞረ ወዲያው ቦታ ይለወጣል።

ዳሎል ላይ ደግሞ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ደርሶ ከ3:30 በፊት መውጣት ነው። ቢጫና አረንጓዴው ውሃ ኃይለኛ አሲድ ነው፤ ጫማ ይበላል፣ የወደቀ ስልክ አይመለስም። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ጎድጓዳ ቦታ ላይ መንበርከክ ወይም ልጅን ማውረድ አደገኛ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል። ጋዕታሌ ኩሬ ዳር የሞቱ ወፎች የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። በጨው ሜዳው ላይ አሞሌ ጨው የሚፈለፍሉትን ሰዎች ከመቅረጽ በፊት በመሪው በኩል ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ፀሐይ ሥራ ላይ ናቸው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል። መኪናውም ከነባሩ የጎማ ዱካ ባይወጣ ነው የሚሻለው። የጨው ቅርፊቱ ከተሰበረ ከሥሩ ያለው ጭቃ እስከ ሻንሲው ይውጠዋል፣ ያኔ ነው ሁለተኛው መኪናና ገመዱ ለምን እንደተከፈለባቸው የሚታወቀው፤ የሚጎትተው መኪና ግን በራሱ ዱካ ላይ ቆሞ፣ ገመዱን አርዝሞ መሆን አለበት።

ሎጊያ ሲመለሱ ከአልጋ በፊት መኪናው በሥሩ ጨው በሌለው ውሃ ይታጠብ። የጨው ጭቃ በፍሬንና በሽቦ ላይ ደርቆ ከሰነበተ ይበላዋል፣ አከራዩም ጉዳቱን በተጓዡ ሂሳብ ላይ ሊያስብ ይችላል። የተመለሱት ባዶ ጀሪካኖች እዚያው ይሸጣሉ።