ሥራ ያበዛብኝ የምናውቀው ቃል ነው፦ የሕክምና ቃላት ዝርዝር አዘገጃጀት

ለአስተርጓሚዎች የሚሆን የሕክምና ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ስጀምር የፈራሁት «ኮሌሲስቴክቶሚ»ን የመሰሉ ምላስ የሚያስሩ ቃላትን ነበር። እነሱ ቀላል ሆነው ተገኙ። የሐሞት ከረጢትን ቆርጦ ማውጣት ማለት ነው፤ አለቀ። ጊዜዬን የፈጁት ነቀርሳ፣ ተስቦ፣ ኪንታሮት፣ ደም ማነስ ናቸው። ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ግን በየራሱ ይረዳቸዋል።

ቃላቱን የለቀምኩት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ሕመምተኛው እጅ ላይ ከሚደርሱ ወረቀቶች ነው፦ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነት ቅጽ። ለእያንዳንዱ ቃል አምስት ዓምድ አበጀሁ፦ የውጭው ቃል በፊደላችን፣ ሰው የሚጠራበት ስም፣ ከ12 ቃል ያልበለጠ ማብራሪያ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ መለያ ኮድ፣ እና «ከዚህ ጋር እንዳይምታታ» የሚል ማስጠንቀቂያ። የኮዱን ዓምድ መጀመሪያ ላይ ትርፍ መስሎኝ ትቼው ነበር። ነቀርሳ ላይ ስደርስ መለስኩት።

«ሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው። ነገር ግን «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው። ታዲያ «የሳንባ ነቀርሳ» የቱ ነው? አንዲት «የ» ብቻ ናት የጨመረችው። አንዱ በትንፋሽ ወደ ቤተሰብ የሚተላለፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር መድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ሌላው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሕክምናውም ፍጹም ሌላ ነው። በኮዱ (በአሥረኛው እትም) ግን ቲቢው ኤ15፣ ካንሰሩ ሲ34 ስለሆነ ክርክር የለም። ነቀርሳን ለቲቢ ብቻ ትቼ ለሌላው ካንሰር የሚለውን ያዝኩ። ካንሰር በላቲን ሸርጣን ማለት መሆኑን እያነሱ «ባዕድ ቃል ለምን?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ንጹሕ አማርኛ ከመጠቀምና ሰው በሽታውን ለይቶ ከማወቁ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ተስቦም እንዲሁ ነው። ታይፎይድ የአንጀት ተስቦ ይባላል፤ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣ፣ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ የሚከሰት ነው። ታይፈስም ተስቦ ነው፤ ይኼኛው በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ላቦራቶሪ የዊዳል (የታይፎይድ) እና የዌል-ፌሊክስ (የታይፈስ) ምርመራ አብሮ ሲሠራ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ» እያለ ሁለቱን እንደ አንድ በሽታ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ተስቦ ብቻውን አይቆምም፤ ወይ «የአንጀት» ወይ «የቅማል» ይቀድመዋል። ኪንታሮት ደግሞ ቆዳ ላይ የሚወጣውም ነው፣ ፊንጢጣ ላይ የሚያብጠው የደም ሥርም ነው፤ ቦታውን ሳይጠይቁ መተርጎም አይቻልም።

ከሁሉ አደገኛ ሆኖ ያገኘሁት ደም ማነስ ነው። ግፊት በተለምዶ «ደም ብዛት» ስለሚባል «ደም ማነስ» ተቃራኒው ይመስላል። አይደለም። ደም ማነስ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሲቀንስ ነው፤ እርጉዝ ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች። ግፊት ደግሞ የሚለካው በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ይህ ካልተነገረው ግን «ብዛቱ ወደ ማነስ ተለወጠልኝ» ብሎ የግፊት ክኒኑን ሊያቆም ይችላል። ማስጠንቀቂያው ዓምድ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር በደማቁ ጻፍኩት።

ልብን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ «ልቤን ያመኛል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ነው የሚያመው። አስተርጓሚው ወዲያው «ልብ» ብሎ ከመተርጎሙ በፊት «በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበል።

የውጭ ቃላቱ በመጨረሻ ድምፃቸው ይፈታሉ። «አይቲስ» መቆጣት ነው፤ የሕክምና ሰዎች ብግነት ይሉታል። «ኤክቶሚ» ቆርጦ ማውጣት፣ «ኦቶሚ» መክፈት፣ «ኦስቶሚ» መውጫ ማበጀት ነው። እስቲ በፊደላችን ጎን ለጎን እንያቸው፦ ኮሌክቶሚ፣ ኮሎቶሚ፣ ኮሎስቶሚ። ስምምነት ቅጽ ላይ ሦስተኛውን እንደ መጀመሪያው ያነበበ አስተርጓሚ፣ ሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ የሚበጅለትን ሰው «አንጀትዎ ይወጣል» ብሎ ያስፈርመዋል። ዲስፌጂያና ዲስፌዢያም በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ አንዱ መዋጥ ማቃት፣ ሌላው የንግግር መታወክ ነው። ኢሊየም የሚባል ደግሞ ሁለት አለ፦ የትንሹ አንጀት መጨረሻ እና የዳሌ አጥንት። በላቲን ፊደል አንድ ሆሄ ይለያቸዋል፣ በእኛ ፊደል ግን ልክ አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አንጀት ወይም አጥንት የሚል ቃል ሳልጨምር አልጽፋቸውም። «ሃይፐር» እና «ሃይፖ»ን ከነጭራሹ አወጣኋቸው። «የስኳር መብዛት»፣ «የስኳር ማነስ» ይበቃል። ሃይፐርና ሃይፖ በስልክ ሲነገሩ አንዱ እንደ ሌላው ሊሰማ ይችላል፣ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው፤ ስኳሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ለወረደበት ሰው ስኳር ነው የሚሰጠው እንጂ ኢንሱሊን አይደለም።

«ፖዘቲቭ»ም መልካም ዜና የሚመስለው አለ፤ «ተገኝቷል» እና «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። «ኦ ኔጌቲቭ» ሲባል ግን የደም ዓይነት እንጂ የምርመራ ውጤት እንዳልሆነ ለብቻው ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በተለይ ሾተላይ ለምታስፈራት እናት። በሕክምናው ሾተላይ ኔጌቲቭ ደም ያላት እናት ሰውነት ፖዘቲቭ የሆነውን የፅንሱን ደም ሲያጠቃ ነው። በሰፈር ግን ልጅ በተደጋጋሚ የሞተባት ሁሉ ሾተላይ አለባት ይባላል።

መመሪያዎች ላይ የገጠመኝ ችግር ከበሽታ ስሞቹ የባሰ ነበር። «ለደም ምርመራ ጾመው ይምጡ» የሚለውን ረቂቅ ለአንባቢ ስሰጥ፣ ሽሮ በልቶ መምጣት ይቻላል ብሎ የተረዳው ነበር። ትክክል ነው፤ ሽሮ የጾም ምግብ ነው! አሁን የሚነበበው «ከውሃ በስተቀር ምንም ሳይበሉና ሳይጠጡ 8 ሰዓት ይቆዩ፤ ቡናም ሻይም አይቻልም» ተብሎ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ደግሞ «8 ሰዓት ላይ» ተብሎ ተነበበ። ሰዓቶቹን ዘርዝሬ ጻፍኩ፦ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4። ውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው ካልተጨመረ ስድስት ሰዓት ይዛባል። የሽሮፕ መጠን በ«ማንኪያ» አይጻፍም፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ስለሆነ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ትእዛዙን ሁሉ በ«እርስዎ» አደረግኩት፤ ከአክብሮቱ በላይ «ይውሰዱ» ለወንድም ለሴትም ስለሚሠራ ሁለት ቅጂ ከማዘጋጀት ያድናል።

ዝርዝሩን በአንባቢዎች ስፈትን «ገብቶዎታል?» ብዬ መጠየቄን በመጀመሪያው ቀን ተውኩት። በይሉኝታ ሁሉም «አዎ» ይላል። በምትኩ «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ይህን እንዴት ብለው ይነግሩታል?» ብዬ እጠይቅና የሚሉትን ቃል በቃል እጽፋለሁ። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ስህተት ከሠራ ጥፋቱ የማብራሪያዬ ነው፣ እቀይረዋለሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ እነሱ ለልጃቸው የሚሉት ዓረፍተ ነገር ከእኔ ስለሚሻል እሱኑ ወስጄ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ አስገባዋለሁ።