አባቱን ነው ወይስ እሱን?

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስለ ምርጫ ስናወራ ተጨቃጨቅን። "እኔ ለእጩው ድምፅ ከመስጠቴ በፊት አባቱ ማን እንደነበር አጣራለሁ" አለኝ። "የምትመርጠው እሱን ነው ወይስ አባቱን?" ብዬ ሳቅሁበት።

እሱ ግን ፊሊፒንስን አነሳብኝ። ፈርዲናንድ ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1986 በሕዝብ አመፅ ከሥልጣን ተባረረ፤ በ2022 ደግሞ ልጁ በዚያው ስም ተመርጦ ፕሬዚዳንት ሆነ። እኔም በደቡብ ኮሪያዋ ፓርክ ጉን ሄ መለስኩለት። አባቷ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዘ ጄኔራል ነበር፤ እሷ ግን በ2017 ከፕሬዚዳንትነት የተሻረችው በራሷ ሥራ ነው።

የረታሁ መስሎኝ ነበር። በኋላ ብቻዬን ሳስበው ግን ሐሳቤ ተነቃነቀ። ልጅ በአባቱ ጥፋት ይጠየቅ አልልም፤ ወላጁን መርጦ የተወለደ የለም። ነገር ግን "የእገሌ ልጅ ነኝ" ብሎ ድምፅ የሚለምን ሰው፣ ስለ እገሌ ስንጠይቀው "እኔን አይመለከተኝም" ሊለን አይችልም። አሁን በእጁ ያለ ሀብት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅማ የዘር ቆጠራ አይደለም፤ ስለ ራሱ መጠየቅ ነው።

ደውዬ ይህን ስነግረው "በቃ ተስማማን" አለኝ።

አልተስማማንም። እሱ እስከ አያት ቅድመ አያት ድረስ ልቁጠር ባይ ነው።